የመጫንና የማራገፍ መዝገብ

በዩኒክስና በሊኑክስ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በቀድሞው ዘመን አንድ ሶፍትዌር ለመጫን ሲሹ፣ ጥሬ ኮዱን ከሩቅ ማኅደር አምጥተው፣ ፈትተው፣ ለኮምፒውተራቸው እንዲስማማ አሰናድተው፣ በመጨረሻም «ሜክ ኢንስቶል» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው ፋይሎቹ በየማውጫው እንዲሠፍሩ ያደርጉ ነበር። መጫኑ አድካሚ ቢሆንም በትዕግሥት ይፈጸማል፤ ጭንቁ የሚመጣው ማራገፍ ባስፈለገ ዕለት ነበር፤ የትኛው ፋይል ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደ መጣ የሚመሰክር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስላልነበረ፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀር ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1993 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ፣ በእጁ የነበረው የሊኑክስ ስርጭት በጉድለት የተመላ ሆኖ ስላገኘው፣ ደቢያን የተባለውን አዲስ የሊኑክስ ስርጭት ሥራ መጀመሩን ለዓለም አስታወቀ። በ1994 የተወለደውና በዚያው ዓመት የሥራው ተባባሪ ኢያን ጃክሰን ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደገና የጻፈው ዲፒኬጂ የሚባለው መሣሪያ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የደቢያን ፍሬ ነው። የደብር ዐቃቤ ንዋይ ንዋያተ ቅድሳቱን በየስማቸው መዝግቦ እንደሚረከብ ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ እያንዳንዱ ፓኬጅ፣ ማለትም አንድ ላይ የታሰረው የፕሮግራም ጥቅል፣ ያመጣቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ይህ ፋይል የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የባለቤቱን ፓኬጅ ስም ይመልሳል፤ አንዱ ፓኬጅ የሌላውን ፋይል ሊደመስስ ቢመጣም ካልታዘዘ በቀር አይፈቅድለትም።

የማራገፉ ሥርዓት ደግሞ በሁለት ማዕርግ ተከፈለ። «ሪሙቭ» ሲባል ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ሰው በእጁ ያስተካከላቸው የቅንብር ፋይሎች ግን ይጠበቃሉ፤ «ፐርጅ» ሲባል እነርሱም አብረው ይጠፋሉ። ባለቤቱ ለብዙ ሌሊት የደከመበትን ቅንብር መሣሪያው በራሱ ሥልጣን እንዳያጠፋ መከልከሉ፣ የሰውን ድካም ማክበር ስለ ሆነ፣ ከልብ የማደንቀው ጥበብ ነው።

ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያም በ1995 አርፒኤም የተባለውን የራሱን መሣሪያ አወጣ። ሆኖም አንድ ፓኬጅ ያለ ሌላው፣ ያም ያለ ሦስተኛው የማይሠራ ስለ ሆነ፣ ተጠቃሚው የጎደለውን እየፈለገ መንከራተቱ አልቀረም፤ ይህን ሸክም ያቀለለው በመጋቢት 1999 ከደቢያን 2.1 ጋር የወጣው ኤፒቲ ነው። «አፕት-ጌት ኢንስቶል» ብሎ የፓኬጁን ስም ለጻፈ ሰው የሚያስፈልጉትን ሁሉ ከማኅደሩ ያወርዳል፣ ማን ማንን እንደሚቀድም ለይቶም በተራ ይጭናል፤ ሲያራግፍም በተነሺው ላይ የተደገፉት አብረው እንደሚነሡ አስቀድሞ ያስታውቃል። በኋላ «ኦቶሪሙቭ» ሲጨመርበት፣ ለሌላ ፓኬጅ ሲባል ገብተው ፈላጊ ያጡት ተለይተው የሚወገዱበት መንገድ ተገኘ።

አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል ፎንትም በዚሁ የደቢያን ማኅደር ስለሚገኝ፣ አማርኛ ጸሐፊ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይጭነዋል፤ ሌላ ቢመርጥም እንዲሁ በአንድ መስመር ያራግፈዋል።