ጅቡ ሳይመጣ የሚጮህ ውሻ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ውሻው ዝም አላለም፤ ጮኋል። ጥፋቱ የሰዓት ነው። ስለ ጎርፍና ስለ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይኸው ተረት ትዝ ይለኛል። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ነው፤ መጨረሻው ግን ወደ እኛም ቤት ስለሚመጣ «እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። (ለአሜሪካው ታሪክ የምጠቅሰው ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አሜሪካኖች የአየር ጠባይን በመንግሥት ደረጃ መከታተል የጀመሩት በ1870 ነው። ሥራው የተሰጠው ለጦር ሠራዊቱ የመልእክት ክፍል ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን በ24 ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት የተወሰደው ልኬት በቴሌግራፍ ተላከ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆን ፊንሊ የሚባል የዚሁ ክፍል ባልደረባ ቶርኔዶን ሥራዬ ብሎ ያዘ፤ ያንን ከደመና ሆድ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወርዶ ቤቱን ከነመሠረቱ የሚነቅለውን አውሎ ነፋስ ማለት ነው። በ1884 የሙከራ ትንበያ ማውጣት ጀመረ። ምን ያደርጋል! ብዙም ሳይቆይ «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል በትንበያ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ለምን ቢባል፣ ሕዝቡ ይደነግጣል! ከነፋሱ ይልቅ ድንጋጤው ይጎዳል ተብሎ ታሰበ። ክልከላው እስከ 1938 ቆየ፤ ከላላም በኋላ ቢሮው ቃሉን ከአፉ ለማውጣት ሲያመነታ ዓመታት አለፉ።

በዚህ የዝምታ ዘመን፣ ማርች 18 ቀን 1925፣ አንድ ቶርኔዶ ሚዙሪ ላይ ተነስቶ ኢሊኖይን አቋርጦ ኢንዲያና ገባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሮጦ 695 ሰው ፈጀ። እርግጥ ያኔ የአየር ጠባይ ራዳር የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ቃሉ ራሱ ከተከለከለ ማን ያጠናዋል? ማንስ ደፍሮ ይናገረዋል?

ማርች 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ የሚገኘው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር በቶርኔዶ ተመታ፤ ብዙ አውሮፕላን ወደመ። ፎብሽና ሚለር የሚባሉት ሁለት የአየር ጠባይ መኮንኖች ጉዳዩን እንዲመረምሩ ታዘዙ። አምስት ቀን ቆይቶ ሰማዩ ያንኑ መልክ ያዘ። መኮንኖቹ «ዛሬም ይመጣል» ብለው ጻፉ። ማታውን ያው ሰፈር እንደገና ተመታ! ይሁንና ሰፈሩ ተዘጋጅቶ ስለጠበቀ ጉዳቱ ከፊተኛው አነሰ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው የወጣው ለወታደሩ እንጂ ከአጥሩ ውጪ ላለው ሕዝብ አልነበረም። የሲቪሉ ቢሮ ኃላፊ ሠራተኞቹ ቃሉን ለሕዝብ መናገር እንደሚችሉ በደብዳቤ ያስታወቁት በ1950 ነው።

ታዲያ ቃሉ ከተፈቀደ፣ ራዳሩም ከመጣ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። ከሬዲዮው እስከ ሰውየው ጆሮ ያለችው የመጨረሻዋ ክንድ ቀረች። ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚያች ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ ለረጅም ጊዜ ይወጣ የነበረው በካውንቲ ስም ነው (እኛ ወረዳ ብንለው ይቀርባል)። ካውንቲ ደግሞ ሰፊ ነው። ማዕበሉ በአንዱ ጥግ ሲያልፍ በሌላው ጥግ ያለው ሰው ሁሉ ተጠንቀቅ ይባላል። ደጋግሞ ተጠርቶ ምንም ያላየ ሰው ደግሞ ይሰለቻል፤ በአራተኛው ጥሪ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። የማዕበሉን መንገድ ብቻ በካርታ ላይ ከብቦ ማስጠንቀቅ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ከኦክቶበር 2007 ወዲህ ነው።

ቋንቋውስ? ሜይ 22 ቀን 1987 ምሽት፣ በቴክሳስ ሪቭስ ካውንቲ ሳራጎሳ በምትባል ትንሽ መንደር ሰዎች የሕፃናት ምረቃ ሊያዩ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ቶርኔዶው መጣና 30 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ በዚያው አዳራሽ የነበሩ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቷል። ነገር ግን ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚከታተሉት የስፓኒሽ ጣቢያ ደግሞ ከሩቅ የሚሰራጭ ስለነበር የአካባቢውን ማስጠንቀቂያ አያስተላልፍም። ውሻው በሰዓቱ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ቤታቸው አልገባም።

ይህን ሳነብ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ወገኖቻችን ታወሱኝ። የዲሲ ከተማ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች በኋላ የመንግሥት ወረቀት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ደስ ይላል። ወረቀት ግን ማዕበልን አይቀድምም። ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ የእጅ ስልክ ራሱ የአደጋ ድምፅ ያሰማል፤ ሲጀመር መልእክቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ስፓኒሽ የተጨመረው በ2019 ነው። ሜሪላንድ ያሉ አክስቴ ስልካቸው ድንገት ሲያንባርቅ «ተበላሸ መሰለኝ ብዬ አጠፋሁት» ብለው አጫውተውኛል። ቢያነቡትስ? እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው። «ዎች» ሲል፣ አደጋ ሊመጣ ይችላልና ነቅታችሁ ጠብቁ ማለቱ ነው። «ዋርኒንግ» ሲል፣ ደርሷልና አሁኑኑ ተጠለሉ ማለቱ ነው። እኛ ስንተረጉማቸው ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» ይሆኑና ቁጭ! አንዱ ሻማ ፈልጉ የሚል፣ ሌላው ወደ ምድር ቤት ሩጡ የሚል መሆኑ ይጠፋል።

ስልኩስ ቢሆን ሁልጊዜ ይታመናል? ጁን 29 ቀን 2012 ዴሬቾ የሚባል ብርቱ ነፋስ ዋሽንግተንና አካባቢዋን ሲመታ መብራት ጠፋ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የ911 የድረሱልኝ ጥሪ ለብዙ ሰው አልሠራም። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ ቢያንስ ለሦስት ቀን የሚበቃ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ በቤት ይኑር የሚሉት። እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት።

አሁን ወደ አገራችን። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተኝታለች። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በበላይ ባሉት ደጋዎች የወረደው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠር ከቤቱ ተፈናቀለ። ውሃ ከደጋ እስከ ቆላ ሲወርድ ጊዜ ይፈጃል። ያ ጊዜ ግን የተኛውን ሁሉ የሚቀሰቅስ አፍ አላገኘም። እዚህ የጎደለው የሳተላይት ምስል ብቻ አይመስለኝም። ደጋ ላይ ያለው ሰው ቆላ ላለው የሚደውልበት፣ ቆላ ያለውም ሰፈሩን የሚያስነሳበት ሥርዓት ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ሥርዓት ግማሹ በእጃችን መሆኑ ነው። የዕድራችንን ጡሩንባ ነፊ አስቡት። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሰፈሩን ያዳርሳል። የእያንዳንዱን ቤት በር ያውቃል፤ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻዋን እንደምትኖር ያውቃል። በምን ቋንቋ መጣራት እንዳለበትም ያውቃል። አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የደከመችባት ያቺ የመጨረሻ ክንድ እኮ እሱ ነው! ችግሩ ጡሩንባው የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለዕድር ዳኞች አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እዚህም፣ በባሕር ማዶ ላሉትም። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ ሦስት ጥያቄ አንሱ። አደጋ ሲመጣ ከላይ ማን ይደውልልናል? ጡሩንባው ስንት ጊዜ ሲነፋ «ውጡ» ማለት ነው? ከወጣን በኋላስ ወዴት ነው የምንሄደው? መልሱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩትና ለጡሩንባ ነፊው ንገሩት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።