አዋላጅና ደጋፊ፤ ስለ ሰሜን ሸዋ የወሊድ ልማድ ታሪክ
ስለ ወሊድ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ዐይን ሁሉ የሚያርፈው ሕፃኑን በምትቀበለው በአዋላጅዋ ላይ ነው። ነገር ግን በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አገር በቈየው ልማድ፥ ምጥ የያዛትን ሴት ከበው የሚቀመጡት ሴቶች ሁሉ አዋላጆች አይደሉም። አንዲቱ ከኋላ ሆና ወገቧን ትይዛለች፤ ሌላይቱ ሆዷን በቅቤ ታሻለች፤ የቀሩትም «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። የእነዚህ ሥራ ማዋለድ ሳይሆን፥ ወላዲቱን ብቻዋን አለመተው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ተግባር ሙያዋ ያደረገች ሴት «ዱላ» ትባላለች፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው አገልጋይ ሴት ማለት ነው። በአማርኛ ዱላ ምን እንደ ሆነ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ምጥ ለያዛት ሴት «ዱላ መጣችልሽ» ከማለት «ደጋፊ» ማለት ይሻላል።

ደብረ ብርሃንን ያቀናት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም እንዲነበብ ያዘዘ ንጉሥ ነው። በምጥ ጊዜ የሚሰማው ጥሪ ከእርሱ ዐዋጅ ተነሣ ማለት ችኰላ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአገሩ ስለ መጽናቱ አያጠራጥርም። የበኵር ልጅ የሚወለደው በወላዲቱ እናት ቤት መሆኑም ያው ድጋፍ ነው፤ በመጀመሪያው ምጥ የፈራች ልጅ በአማቷ ፊት ከመጮኽ በእናቷ እጅ መጨነቅ ይቀላታልና። ወንድ ሲወለድ ሰባት፥ ሴት ስትወለድ ሦስት እልልታ የሚያሰሙት፥ ገንፎውንም የሚያገነፉት እነዚያው ደጋፊዎች ናቸው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ሶሳ፥ ኬኔል፥ ክላውስና ባልደረቦቻቸው በጓቲማላ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ያልሠለጠነች አንዲት ሴት አጠገባቸው የዋለችላቸው እናቶች ምጥ በአማካይ 8.7 ሰዓት ሲፈጅ፥ ብቻቸውን የተተዉት ግን 19.3 ሰዓት አምጠዋል። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ስለ ነበሩ ቍጥሩን አጋንኖ መያዝ አይገባም። በ2017 ከ15,000 በላይ ሴቶችን የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ልዩነቱን እጅግ አሳንሶ አገኘው፤ ነገር ግን ደጋፊ ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የመውለዷ ነገር እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

የቀድሞውን ልማድ እንከን እንደሌለው አድርጎ ማመስገን ግን ስሕተት ነው። ደም ሲፈስ ወገብ መያዝ አያቆመውም፤ ከአንኮበር ገደል በታች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ዐቀበቱን ማውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ አገሩን ያየ ያውቀዋል። ከምጥ መርዘም የሚመጣውን ፊስቱላ የሚያክም ሆስፒታል በ1967 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህም በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት ድርሻ በጥናቶቹ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5 በመቶ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል።

ጕድለቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። የልምድ አዋላጅዋ ስፍራዋን ለሠለጠነችው አዋላጅ በለቀቀች ጊዜ፥ ማዋለድን ከቶ ያልሞከሩት ደጋፊዎችም ከእርሷ ጋራ ተቈጥረው ወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውና ቡናው ገብቷል፤ ወገብ የምትይዘው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ከማዋለጃው ክፍል በር ውጭ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።