በሪፖርቱ ላይ የሰፈረ ስም፦ ድፍረትና ሙያዊ ዕውቅና በላንግሊ ጥቁር ሴቶች ታሪክ

ጥቁር ሴቶች በሙያቸው ጎልተው የመታየታቸው ጉዳይ ሲነሣ ድፍረት የግል ጠባይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አተያይ ሸክሙን ሁሉ በሴቷ ትከሻ ላይ ይጥላል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በላንግሊ የምርምር ማዕከል የሠሩት ጥቁር የሒሳብ ባለሙያዎች ታሪክ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው፤ ድፍረት ዘላቂ ውጤት የሚኖረው መሥሪያ ቤቱ የሠሪዋን ስም መዝግቦ ሲይዝ ነው።

እነዚህ ሴቶች ላንግሊ መቀጠር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር። በሩን የከፈቱላቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰው ኃይል እጥረትና በመከላከያ ኢንዱስትሪ የዘር አድልዎን የከለከለው የ1941 ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ናቸው። ሆኖም የሚሠሩት ከነጮቹ ተነጥለው በተለየ ክፍል ነበር፤ ክፍሉ የፈረሰው ላንግሊን ያቀፈው የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ በተቋቋመበት በ1958 ነው። ስሌቱን ይሠራሉ፤ በሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ግን በአብዛኛው የመሐንዲሶቹ ስም ነበር። በምግብ አዳራሹም የጥቁሮች መቀመጫ በጽሑፍ ተለይቶ ነበር፤ ከሴቶቹ አንዷ ሚሪያም ማን ጽሑፉን ከጠረጴዛው ላይ እያነሣች ትወስደው ነበር።

ሌላዋ የላንግሊ የሒሳብ ባለሙያ ሜሪ ጃክሰን መሐንዲስ ለመሆን የሚያስፈልጋት ኮርስ የሚሰጠው ለነጮች ብቻ በተከለለ ትምህርት ቤት ስለነበር ለሐምፕተን ከተማ አመልክታ ፈቃድ አገኘች፤ በ1958 የናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆነች። ባልደረባዋ ካትሪን ጆንሰን ደግሞ ሴቶች በማይገኙበት የሪፖርት መገምገሚያ ስብሰባ ለመገኘት ደጋግማ ጠይቃ ተፈቀደላት። በ1960 ከመሐንዲሱ ቴድ ስኮፒንስኪ ጋር ያዘጋጀችው ጥናት በስሟ ወጣ፤ በምርምር ክፍሏ ሴት በጸሐፊነት ስትጠቀስ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን መሬትን ለመዞር ከመነሣቱ በፊት የኮምፒውተሩን ስሌት እሷ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 እንዳስረዳችው፣ የዘርና የፆታ አድልዎ ለየብቻ ሲመረመሩ ሁለቱም በአንድነት የሚያርፉባት ጥቁር ሴት ከሕግ ዕይታ ውጭ ትሆናለች። የላንግሊ ሴቶች ጥያቄም ስለዚህ የግል ክብር ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ማን ይማራል፣ ማን ይገመግማል፣ ማን በጸሐፊነት ይጠቀሳል የሚለውን የተቋም ደንብ የሚነካ ነበር። ጃክሰን ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። በ1979 የደረጃ ቅናሽ ተቀብላ ከምሕንድስና ወጣችና የሴት ሠራተኞችን ቅጥርና እድገት የሚከታተል ፕሮግራም መራች።

ጆንሰን የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳልያ ያገኘችው በ97 ዓመቷ፣ በ2015 ነው። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው የእሷ ድፍረት ማነስ ሊሆን አይችልም። ሴቶችን «ድፈሩ» የሚል ተቋም ሁሉ አስቀድሞ የገዛ ሪፖርቶቹን ይመርምር፤ ሥራው የማን እንደሆነና የማን ስም እንደሰፈረበት ያስተያይ።