ኃላፊነቱ የተወሰነ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት የጓሮ ክፍሎቼን የለሰነው ልጅ ቆሟል። ሱሪው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ።

«ጋሼ፣ የአሥራ አንድ ቀን ሂሳቤን አልተከፈልኩም» አለኝ።

«ማን ነው የቀጠረህ?»

«ሰቡ ነዋ።»

«እሱስ የት ሄደ?»

«ስልኩን ዘግቷል።»

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ የተዋዋልኩት ከአንድ አነስተኛ የግል ማህበር ጋር ነው። ማህበሩ ቋሚ ሠራተኛ የለውም ማለት ይቻላል። ግንቡን ለአንዱ፣ ልስኑን ለሌላው፣ ቧንቧውን ለሦስተኛው በቁርጥ ይሰጣል። ልስኑን የያዘው ሰብ ኮንትራክተር ደግሞ ይህን ልጅ በቀን ሂሳብ ቀጠረው። እንግዲህ ልጁን የቀጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ የለሰነው ግድግዳ ግን የኔ ነው። ለማህበሩ ባለቤት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ለሰቡ ጨርሼ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የነሱ ጉዳይ ነው። ደግሞም ማህበራችን እኮ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው!» አለኝ።

መቼም ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል ሲያዝበት አይለቀውም። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውን በማህተምና በመኪና በር ላይ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ሰው ስለ ራሱ ጠባይ ሲናገረው የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። እስቲ ይህ ቃል ከየት መጣ?

በኛ አገር ዕዳ ወሰን አልነበረውም። ባለዕዳና ባለገንዘብ ዋስ እስኪገኝ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ አለዚያም በሰንሰለት ታስረው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ይህን በመገረም ጽፈውታል። ዛሬም «የዕዳ ቁራኛ» እንላለን። ሰውየው ቢሞት እንኳ ነገሩ አያበቃም፤ «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ሐሳብ የመጣልን ከአውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። ጀርመን ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሆን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር የሚቋቋምበትን ሕግ አወጣች። ለንደን ውስጥ ደግሞ አሮን ሳሎሞን የተባለ ጫማ ሰሪ ንግዱን ወደ ኩባንያ ለወጠ። ሕጉ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱን፣ ሴት ልጁንና አራት ወንዶች ልጆቹን አስገባ። ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001 የሱ ሲሆኑ፣ ለቤተሰቡ አንዳንድ ደረሳቸው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ፤ ዋስትና ያልያዙት ባለገንዘቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። «ኩባንያው ራሱ ሳሎሞን ነው፤ ይክፈል» የሚል ክርክር ፍርድ ቤት ቀረበ። የእንግሊዝ የበላይ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ፍርድ ሰጡ፤ ኩባንያው ሌላ ሰው ነው፣ ሳሎሞንም ሌላ ሰው ነው አሉ። ሰውየው አጭበርባሪ አልነበረም፤ ድርጅቱን ለማዳን ሲሞክር የራሱንም ያጣ ነው። ከሱ በኋላ ግን ያን ፍርድ ጋሻ ያደረገው ሁሉ እንደሱ አልነበረም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልዛስና ሎሬን ለፈረንሳይ ሲመለሱ የጀርመኑን የማህበር ዓይነት ይዘው መጡ። ፈረንሳይም ወደደችው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. ሕጓ አደረገችው። ወደኛ የመጣውም በፈረንሳዮች እጅ ነው። የንግድ ሕጋችንን ማርቀቅ የጀመሩት ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሲሞቱ፣ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ሥራውን ጨረሱት፤ ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከሁለት ያላነሱ፣ ከሃምሳ ያልበለጡ አባላትና ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል ይኑረው ተባለ።

ሕጉ ብዙም ሳይሠራበት ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ ድርጅቶች ተወረሱ፤ ለቀሩት ነጋዴዎችም የካፒታል ጣሪያ ተበጀ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን የግል ማህበር እንደ እንጉዳይ ፈላ። «ሁለት አባላት» የምትለዋን አንቀጽ እንዴት አለፍናት? እንደ ሳሎሞን ነዋ! ባል ዋናውን ድርሻ ይይዛል፣ ሚስት ለወጉ ትፈርማለች።

ሥራን ለሌላ አካፍሎ መስጠትም በራሱ ነውር አይደለም። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ለሁለት ሳምንት ሥራ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ሊከፈለው አይችልም። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጊዜ ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን እያካፈሉ የሠሩት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ እንጀራ የበሉበት ነው። ትንሽ ማህበር በትንሽ ማህበር ይቆማል።

ችግሩ ያለው ቃሉን አለቦታው ስናውለው ነው። የተወሰነው የአባላቱ ኃላፊነት ነው። ማህበሩ ቢከስር ባለገንዘብ የባለቤቱን መኖሪያ ቤትና የልጆቹን አልጋ አይወስድም፤ ባለቤቱ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። ማህበሩ ራሱ ግን ለዕዳው ያለውን ሁሉ ይዞ ይጠየቃል። ሥራውን ለሌላ ስላካፈለም ከኔ ጋር ካለው ውል አይወጣም፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ የምይዘው እሱን ነው። ታዲያ ለግድግዳዬ የሚጠየቅ ሰው ግድግዳውን ለለሰነው እንዴት አይጠየቅም? ሕግ አዋቂ «የልጁ አሠሪ ሰቡ ነው» ይል ይሆናል። ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፤ እኔ ውል አለኝ፣ ባለቤቱ ማህበር አለው፣ ሰቡ የሚዘጋው ስልክ አለው። ከሁሉም በታች ያለው ልጅ ምን አለው? ሁላችንም ኃላፊነታችንን እየወሰንን ትርፉን ወደ ታች ስናወርድ፣ ኪሳራው ያረፈው ወሰን በሌለው ሰው ላይ ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ ቀርቶ የተቋራጭ ዕዳ ለለሳኝ ሆነ ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን የግል ማህበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የሚስት ፊርማ መለመን ቀረ። እሰየው ነው፤ ለወጉ ከሚፈረም ውሸት ይሻላል። የሆነ ሆኖ፣ አጠገብ ሆኖ «ኧረ ተው!» የሚል ሁለተኛ ሰው በወረቀት ላይም ቢሆን አብሮ መቅረቱ ያሳስበኛል።

እንዲህ የምለው በምክንያት ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ገና አልከፈልኩም ነበርና፣ ለባለቤቱ «የልጁ ሂሳብ ሳይዘጋ የኔም አይዘጋም» አልኩት። ተኮራርፈን ስልኩን ዘጋን። ሰኞ ጠዋት በሬን ያንኳኳችው ሚስቱ ነበረች። ማህበሩ ውስጥ ያላት አንድ አክሲዮን ነው። ልጁን አስጠርታ ብሩን ቆጥራ ሰጠችው፤ ሰቡን ራሳቸው ፈልገው እንደሚጠይቁትም ነገረችኝ።

«ባለቤትሽ እኮ አይመለከተንም ብሎኝ ነበር» አልኳት።

«ጋሼ፣» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እሱ ያለውን አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ግን የኔም ስም አለበት አይደል?»