ከፍታን ማወቅና ከፍታን ማመን

ፔካ 12ን የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮች ጠንቅቀው ያውቋታል፤ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አገራቸው በሚወጣው አውራ ጎዳና ዳር ያለች ማረፊያቸው ናት። ከተማዋ በምታልቅበት በዚሁ ወገን፣ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ምዕራብ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የካቲት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ የአሜሪካ አየር ኃይል ዩ-28ኤ አውሮፕላን ወድቆ የተሳፈሩት አራቱም ሞቱ። አውሮፕላኑ ሲቪሎች ፒላተስ ፒሲ-12 የሚሉት ባለ አንድ ሞተር ነው። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ አብራሪዎቹ በጨለማ የአውሮፕላኑን አኳኋን ስተው፣ መሳታቸውንም ሳያውቁ፣ እየዞሩ ቁልቁል ወረዱ። «ሲንክ ሬት» የሚለው የፈጣን ቁልቁለት ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ቢሰማም በቂ ምላሽ አላገኘም። ከፍታን የመለካት ጥያቄ ከተፈታ ቆይቷል፤ ያልተፈታው መሣሪያው የተናገረውን በሰዓቱ አምኖ እጅን ማንቀሳቀስ ነው።

መለካቱም ቢሆን በቀላሉ አልተፈታም። ከፍታ አመልካቹ አልቲሜትር የሚለካው የአየር ግፊትን እንጂ ከመሬት ያለውን ርቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ጂሚ ዱሊትል ውጭውን ሳያይ ተነሥቶ እንዲያርፍ ከረዱት መሣሪያዎች አንዱ በአካባቢው ግፊት የሚስተካከለው የፖል ኮልስማን አልቲሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚበር ሰው ዛሬም ከዚህ ጉዳይ አያመልጥም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አምቡሊ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ። አብራሪው በከፍተኛው ሰማይ የተጠቀመበትን መደበኛ ግፊት፣ 1013 ሄክቶፓስካልን፣ ሳይለውጥ ቢወርድና የአምቡሊ ግፊት 1003 ቢሆን፣ መሣሪያው ካለበት 80 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። መሬቱ በማይታይበት ሌሊት ይህ የሞት ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ እንግሊዝ አገር ዊንክተን አጠገብ የወደቀው የብሪታኒያ አውሮፕላን አብራሪዎች ባለ ሦስት ቀስቱን አልቲሜትር በ10,000 ጫማ አሳስተው አነበቡት፤ መሣሪያው ልክ ነበር፣ አነባበቡ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 የቲ.ደብሊው.ኤ. በረራ 514 ወደ ዋሽንግተን ሲቀርብ ከሚፈቀደው ቀድሞ ወርዶ ተራራ ገጨና 92 ሰው አለቀ። መሬት መቅረቡን በድምፅ የሚያስታውቅ መሣሪያ በአሜሪካ ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የአምቡሊው አደጋ የአኳኋን መሳት እንጂ የአልቲሜትር ስህተት አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አልቲሜትሩ አልተወቀሰም። ነገር ግን ሁለቱም የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አብራሪው በልቡ የያዘው ከፍታና መሣሪያው የያዘው ሲለያዩ። የበለጠ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። የመጀመሪያዎቹ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ያለ ቦታቸው እየጮኹ አብራሪዎችን አሰልችተዋል፤ የተሰለቸ ጆሮ ደግሞ እውነተኛውንም ያልፈዋል። የዚህ መፍትሔ ግን ድምፁን መናቅ ሊሆን አይችልም። በከንቱ የተወጣ ከፍታ የሚያስከፍለው ጥቂት ነዳጅና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ በአምቡሊም በቦሌም ትናንሽ አውሮፕላን የሚያበሩ ድርጅቶች ይህን በሥልጠናቸው ያጽኑት፦ በሌሊትም ሆነ በደመና ውስጥ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ መጀመሪያ ክንፍ ይስተካከል፣ ከፍታ ይጨመር፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ።