ብሔራዊ የኮምፒውተር ሙዚየም (እንግሊዝ)

ብሔራዊ የኮምፒውተር ሙዚየም በእንግሊዝ አገር በሚልተን ኪንስ ከተማ፣ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው ግቢ የሚገኝ ሙዚየም ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የነበረውን የኮምፒውተር ታሪክ ያሳያል። ልዩ የሚያደርገው አሮጌ ኮምፒውተሮችን አስቀምጦ ከማሳየት አልፎ ጠግኖ በሥራ ላይ እንዲታዩ ማድረጉ ነው። ሙዚየሙ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የሚተዳደር ሲሆን፣ በግቢው ካለው የብሌችሊ ፓርክ ድርጅት የተለየ ተቋም ነው። የጥገናውን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ታሪክ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ የብሪታንያ መንግሥት የጠላትን ምስጢራዊ መልእክቶች የሚፈታበት ቦታ ነበር። ሙዚየሙ ያለበት ሕንጻ «ብሎክ ኤች» ይባላል፤ የተሠራውም በጦርነቱ ጊዜ ለኮሎሰስ ኮምፒውተሮች ማኖሪያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግቢው እንዳይፈርስ ተሰግቶ ነበር፤ ሆኖም ታሪኩን የሚያውቁ ሰዎች ተባብረው አተረፉት። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ።

ኮሎሰስ

ኮሎሰስን የነደፈው የፖስታ ቤት መሐንዲሱ ቶሚ ፍላወርስ ነበር። የመጀመሪያው ኮሎሰስ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 ብሌችሊ ፓርክ ደረሰ፤ በጦርነቱ ፍጻሜ 10 ያህል ሆነው ነበር። ሥራቸው የጀርመን ጦር በሎሬንዝ መኪና የሚልካቸውን ምስጢራዊ መልእክቶች ለመፍታት ማገዝ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ተፈታተው ጠፉ። ፍላወርስም በታዘዘው መሠረት ንድፎቹን አቃጠለ። ነገሩ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ምስጢር ሆኖ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ቶኒ ሴል የተባለ መሐንዲስ ኮሎሰስን እንደገና ለመሥራት ተነሣ። በእጁ የነበሩት ጥቂት ፎቶግራፎችና አንዳንድ መሐንዲሶች ደብቀው ያቆዩአቸው የንድፍ ቁርጥራጮች ብቻ ነበሩ። የጎደለውን በሕይወት ከነበሩት የቀድሞ ሠራተኞች ትዝታ ሞላው። ሥራው 14 ዓመት ፈጅቶ በ2007 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከጀርመን በሬዲዮ የተላከን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት ውድድር ተደረገ። ኮሎሰስ መልእክቱን ቢፈታም፣ አንድ ጀርመናዊ በራሱ ኮምፒውተር ቀድሞት አሸነፈ።

ዊች

ዊች (የሃርዌል ዴካትሮን ኮምፒውተር) በሃርዌል የአቶሚክ ምርምር ጣቢያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። ክብደቱ 2.5 ቶን ነው። ቁጥሮችን የሚይዘው ዴካትሮን በተባሉ የሚያበሩ የጋዝ ቱቦዎች ስለሆነ፣ ስሌቱ ሲካሄድ በዓይን ይታያል። ሁለት ቁጥሮችን ለማባዛት እስከ 10 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ያለ ጠባቂ ቀናት ሙሉ መሥራት ይችል ነበር። በ1957 ለዎልቨርሃምፕተን ኮሌጅ ተሰጥቶ እስከ 1973 ለማስተማሪያነት አገለገለ። ከዚያ በበርሚንግሃም ሙዚየም ታየ፤ በኋላም ተፈታትቶ በመጋዘን ተቀመጠ። ከ2009 ጀምሮ በብሌችሊ ፓርክ ተጠግኖ በኅዳር 2012 እንደገና ተነሣ። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ ጋር እስከ ዛሬ ከሚሠሩት ዲጂታል ኮምፒውተሮች ሁሉ እጅግ አሮጌው እርሱ ነው።

አያያዝ

አሮጌ ኮምፒውተርን ማስነሣት ጉዳት አለው። የቫኩም ቱቦዎች ብዙ ጊዜ የሚቃጠሉት ሲበሩና ሲጠፉ ነው፤ ስለዚህም ፍላወርስ ኮሎሰስ ሳይጠፋ እንዲሠራ ያደርግ ነበር። ካፓሲተሮች በዕድሜ ይበላሻሉ፣ የሽቦ ልባስ ይሰነጣጠቃል፣ መለዋወጫም በቀላሉ አይገኝም። በሌላ በኩል፣ ቆሞ የሚቀር ኮምፒውተር አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ያጣል። የኮሎሰስ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ንድፍ ሲጠፋ የሚተርፈው በሰው አእምሮ ያለው ዕውቀት ብቻ ነው፤ እርሱም ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ቶኒ ሴል እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተ። ኮሎሰስ ከእርሱ በኋላም መሥራቱን የቀጠለው አብረውት የሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጥገናውን ስለተማሩ ነው።