የመንግሥት የምግብ ግዥና የሰብል ብዝኃነት

የመንግሥት የምግብ ግዥ ማለት በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ተቋማት፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና ማረሚያ ቤቶች፣ ለሚመግቧቸው ሰዎች ቀለብ የሚገዙበት አሠራር ነው። የሰብል ብዝኃነት ደግሞ በአንድ ማሳ ወይም አካባቢ የሚበቅሉት ሰብሎች ዓይነትና በእያንዳንዱ ሰብል ውስጥ ያሉት ዝርያዎች ብዛት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሰኞ ምን፣ ማክሰኞ ምን እንደሚበላ የሚወስነው የተቋሙ የምግብ ዝርዝር ውሎ አድሮ ገበሬው ምን እንደሚዘራም ይወስናል። ጉዳዩ እዚህ የሚታየው በዋናነት ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን አንጻር ነው።

ከሲቀላ እስከ ጉጌ

ሲቀላ የአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ የንግዱ ሰፈር ነው፤ ከላይ ሴቻ አለች። ከተማዋ በ1,200 እና በ1,300 ሜትር ከፍታ መካከል ስትገኝ የጉጌ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጋሞዎች ደጋውን ጌዜ፣ ቆላውን ባዞ ይሉታል። በጌዜ እንሰት፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንችና ጎመን ይበቅላል፤ በጨንቻ ፖም ተጨምሮበታል። ወረድ ሲሉ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ጎደሬና ቦዬ አለ። ከታች በባዞ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ጥጥ፣ ስኳር ድንች፣ ካሳቫና በአካባቢው ሃለኮ የሚባለው ሽፈራው ይገኛል። ሽፈራው በዚህ አገር መድኃኒት ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጥ ዱቄት ሳይሆን እንደ ጎመን የሚቀቀል የዘወትር ምግብ ነው። የአንድ ቀን መንገድ የማይሞላ ቁልቁለት ይህን ሁሉ ይዟል።

ብዝኃነቱ በሰብል ዓይነት ብቻ አይቆምም። እንሰት በቤቱ ዙሪያ፣ በከብት ፍግ ዳብሮ የሚያድግ ተክል ነው፤ እያንዳንዱ ጓሮ ስም የወጣላቸው በርካታ የእንሰት ዝርያዎችን ይይዛል። አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ሥሩ (አሚቾው) ተቀቅሎ ለመብላት፣ ሌላው ለቃጫው ይመረጣል። የምትፍቀው፣ የምታብላላውና የትኛው ዝርያ መቼ እንደሚደርስ የምታውቀው ሴቷ ናት። ስለዚህ የዝርያው ዕውቀት ያለው ከማሳው ይልቅ በእጇ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቆላው ግን ሌላ ታሪክ አለ። ላንቴና ጫኖን በመሳሰሉ የአርባ ምንጭ ዙሪያ ቀበሌዎች ሙዝ የበቆሎንና የጥጥን ቦታ ወስዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ መኪናው መንገድ ዳር ድረስ ይመጣል፣ አዲስ አበባም ትበላዋለች። ገበሬው የሠራው ስህተት የለም፤ ገዥ ያለውን ተከለ። ዳሩ ግን ሙዙ በአብዛኛው የአንድ የካቨንዲሽ ቤተሰብ ነው። ለካቨንዲሽ ጠላት የሆነው የፓናማ በሽታ አዲሱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ መግባቱ ታውቋል። ሌላው፣ የእንሰት አጠውላጊ በሽታ፣ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙዝ ላይም ተገኝቷል። ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸውና በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

የመንግሥት ድስት

በሲቀላ ገበያ ነጋዴው ከደጋም ከቆላም የመጣውን ይገዛል፤ ትንሽም ቢሆን፣ የተቀላቀለም ቢሆን ዋጋ አውጥቶ ያነሣዋል። የመንግሥት ተቋም ግን እንዲህ አይገዛም። በፌደራል ደረጃ ግዥው ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። መነሻው ግልጽ ጨረታ ነው፦ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ይወጣል፣ ተጫራቹ የጨረታ ማስከበሪያ ያስይዛል፣ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ሕጉ የተጻፈው ሙስናን ለመከላከል ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሦስት መቶ ኩንታል አንድ ዓይነት ነጭ ቦሎቄ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሰነድ፣ ስድስት ዓይነት ሰብል በግማሽ ሄክታር የሚያበቅለውን ቤተሰብ ከበሩ ይመልሰዋል። ደረሰኝ የለውም፣ የንግድ ፈቃድ የለውም፣ የሚያስይዘውም ገንዘብ የለውም።

ብዝኃነትን የሚጎዳው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ መግለጫውም ነው። በትግራይ ገበሬዎች ስንዴንና ገብስን ቀላቅለው የሚዘሩት ሐንፈጽ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዝናብ ሲያጥር ገብሱ፣ ሲበዛ ስንዴው ይተርፋል፤ ዳቦውም ይጥማል። የስንዴ መግለጫ ግን «ባዕድ እህል ያለበት» ብሎ ይጥለዋል፣ የገብሱም እንዲሁ። ገበሬው በማሳው ጥበበኛ የሆነበት ምክንያት በመጋዘን በር ላይ ጉድለት ይሆናል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የምግብ ዝርዝሩ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ካፍቴሪያ ከመቀሌ እስከ አርባ ምንጭ ብዙም አይለያይም፦ እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ፣ ፓስታ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር፣ ከዚያም 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚያበላ ኃላፊ ስለ ዝርያ እንዲያስብ መጠየቅ ግፍ ነው። ጭማሪው ያንን ሰበብ በከፊል አንስቷል። ሆኖም ቆጮ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ፣ ምን ዓይነት የጨረታ ማሻሻያ ቢደረግም ቆጮ አይገዛም።

ያለፈው ልምድ

መንግሥት ከገበሬው መግዛት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበራት ላይ ኮታ እየጣለ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ኮታውን ማሟላት ያልቻለ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። አሠራሩ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የመንግሥት ግዥ በራሱ በጎም ክፉም አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በዚያን ጊዜ የተገዛው ጥቂት የእህል ዓይነት ነበር፣ ዋጋውም ቅጣት ነበር።

በተቃራኒው የሚጠቀሰው የብራዚል ልምድ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤተሰብ እርሻ ምግብ የሚገዛ መርሐ ግብር አቋቋመች፤ በ2009 ደግሞ በሕግ ቁጥር 11,947 የፌደራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚልከው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛ አስገደደች። ቁልፉ ያለው ከመቶኛው ይልቅ በግዥው አሠራር ላይ ነው። ጨረታ ሳይሆን የጥሪ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ዋጋው በገበያ ጥናት አስቀድሞ ስለሚቆረጥ ገበሬዎች በዋጋ አይሻሙም፤ ለቅርብ አምራች ቅድሚያ ይሰጣል፤ አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚሸጠው ጣሪያ አለው። ጣሪያው አንድ ትልቅ አቅራቢ ሁሉን እንዳይጠቀልል ያደርጋል፤ ብዙ ሻጭ ሲኖር ደግሞ ብዙ ዓይነት ሰብል ይመጣል።

ልምዱ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በብራዚል፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራምና በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ትብብር የተጀመረው የአፍሪካ መርሐ ግብር ኢትዮጵያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን፣ ኒጀርንና ሴኔጋልን ያቀፈ ነበር። በኢትዮጵያ የተሠራበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ሲሆን ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቆሎና ቦሎቄ ለትምህርት ቤቶች አቀረቡ። ከውጭ የሚመጣ ቀለብ በአገር ምርት መተካቱ መልካም ነው። ለብዝኃነት ግን በቆሎና ቦሎቄ ብዙም አይረዱም፤ ተመርጠው የተገዙት ለመመዘንና ለማከማቸት ስለሚመቹ ነው።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በከተማ አስተዳደሩ የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ዛሬ ከ700 ሺህ በላይ ሕፃናትን ይመግባል፤ ምግቡን የሚያበስሉት የተደራጁ እናቶች ናቸው። ይህ አደረጃጀት ከሌላው ይልቅ ለብዝኃነት ይመቻል፤ ምን እንደሚጣፍጥና ምን እንደረከሰ የምታውቅ ሴት ድስቱ አጠገብ አለችና። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ምገባ ፖሊሲም በአካባቢ ምርት ላይ የተመሠረተ ምገባን ይደግፋል።

ለሐበሻ አንባቢ የሚደንቀው የሕንድ ጉዳይ ነው። ዳጉሳ መገኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እንደሆነ ይታመናል። የኦዲሻ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው የዘንጋዳና ዳጉሳ ወገን ሰብሎች መርሐ ግብር መንግሥት ዳጉሳን ከገበሬው እየገዛ በራሽን ማከፋፈል ያዘ። ከእኛ ደጋ የሄደ እህል እዚያ በመንግሥት ግዥ ዳነ፤ በጎጃም ግን ዳጉሳ አሁንም በአመዛኙ ለእንጀራ ማደባለቂያና ለአረቄ ነው።

በጋሞ ምን ይገዛ?

ቆጮ ስታርች እንጂ ፕሮቲን አይሞላበትም። ይህ እንደ ጉድለት ይነሣል፤ ለብዝኃነት ግን ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ቆጮን ለብቻው ማብላት አይቻልም። ባቄላ፣ ጎመን፣ አይብ ወይም ሽፈራው ይፈልጋል፤ ዳጣም አይቀርም። አንድ የቆጮ ቀን በሳምንት ቢጻፍ ሦስት አራት ሰብል ይዞ ይመጣል። ቡላ ገንፎ ለሕሙማን፣ ገብስ ቆሎና በሶ ለተማሪ ቁርስ፣ የተቀቀለ ድንችና ጎደሬ ከስንዴ ዳቦ ጎን፦ አንዱም አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ ሁሉም በየቤቱ የሚበላ ነው።

አቅራቢውም ከባዶ አይነሣም። በአርባ ምንጭ የአትክልትና ፍራፍሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ ሰውነት፣ ደረሰኝና የባንክ ሒሳብ አላቸው። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ማስከበሪያ ፈንታ ከአደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ የሚያቀርቡበት መንገድ ተለምዷል። እንሰት የሚፍቁ ሴቶችን በዚህ ማደራጀት ይቻላል። አንዱን ትልቅ ሎት ወደ ትናንሽ ሎቶች መክፈልም ሕግ መለወጥ አይጠይቅም። ከባዱ ክፍያው ነው። ሁለት ወር የሚዘገይ ክፍያ ለነጋዴ ችግር ነው፤ የልጅ ደብተር ለሚገዛ ገበሬ ግን ውል ማፍረሻ ነው፣ ምርቱን መንገድ ዳር ለቆመው መኪና ይሸጠዋል።

የቀን አቆጣጠሩም አለ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዓመታዊው ጨረታም በክረምቱ ይወጣል። ያኔ በደጋዎቹ በጨንቻና በዲታ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ባቄላው በአበባ ላይ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው። በእጁ እህል ያለው ባለፈው ታኅሣሥ ከዚያው ገበሬ በርካሽ ገዝቶ ያከማቸው ነው፤ የጨረታ ሰነዱን ገዝቶ፣ ፖስታውን አሽጎ የሚያስገባውም እሱ ነው።